ደረቅ አክታ፦ ደሴ ላይ በአንገት ቱቦ ሲተነፍስ የነበረ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ደሴ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ተኝቶ ስለታከመ፣ ከዚያም ከነትራኪዮስቶሚ ቱቦው (ለመተንፈሻ አንገቱ ላይ ከገባለት ቱቦ ጋር) ኮምቦልቻ ወደሚገኘው ቤቱ ስለተመለሰ አንድ ወጣት ነው። የክፍሉ ነርስ እንደመሆኔ ከገባበት ሌሊት ጀምሮ ተከታትየዋለሁ። ታካሚውና ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ግን፣ ዓመቱን ጨምሮ፣ ትቻለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሕክምናው መሳካቱ ሳይሆን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አንድን ችግር በተሳሳተ ስም ስንጠራው መቆየታችን ነው። በካርዱ ላይ «ብዙ አክታ» እያልን የመዘገብነው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ደረቅ ነበር።

ታካሚው የ31 ዓመት ሰው ሲሆን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል። ከመታመሙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ተቅማጥ ይዞት እንደነበርና በአራተኛው ቀን እንደተሻለው፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ጣቶቹ እንደ ደነዘዙበት ወንድሙ ነግሮናል። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት አቃተው፤ በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰው አንሥቶ ባጃጅ ላይ አስቀመጠው። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲያደርሱት እጆቹም ዝለው ነበር። ሐኪሙ በአንድ ትንፋሽ እንዲቆጥር ሲጠይቀው ከስምንት አላለፈም፤ ጤነኛ ጎልማሳ ሳይቸገር ከሃያ በላይ መቁጠር አለበት። የዚያኑ ሌሊት በአፉ ቱቦ ገብቶለት ከቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ጋር ተገናኘ። ሕመሙ ጊላን ባሬ ሲንድሮም ነበር፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል ከኢንፌክሽን በኋላ ተሳስቶ የራስን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት፣ ከአራት ታካሚዎች አንዱን ገደማ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የሚጥል በሽታ ነው። ለአምስት ቀን የሚሰጠውን ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለ መድኃኒት ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ይህ ሕመም ጡንቻን እንጂ አእምሮን አይነካም፤ ሰውየው አልጋው ላይ እንደ ድንጋይ ቢጋደምም የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይረዳል፣ ይታዘባልም።

በ11ኛው ቀን፣ ጥቅምት 27፣ በቀዶ ሕክምና አንገቱ ላይ ቱቦ ገባለት። ቱቦው ውስጠ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ፣ ካፍ (በቱቦው ዙሪያ በአየር የሚነፋ ፊኛ) ያለው፣ ነገር ግን ባለ አንድ ግድግዳ ነበር። ወጥቶ የሚታጠብ ውስጠኛ ቱቦ ያለው ዓይነት በዚያን ጊዜ አልተገኘም። ይህን የማነሣው የኋላው ነገር ከዚህ ስለሚነሣ ነው፤ ውስጠኛ ቱቦ ያለው ቢዘጋ ውስጠኛውን በሰከንዶች አውጥቶ መንገድ መክፈት ይቻላል፣ የሌለው ሲዘጋ ግን መውጣት ያለበት ራሱ ቱቦው ነው።

ኅዳር ሲገባ የትከሻውና የደረቱ ጡንቻዎች መመለስ ጀመሩ። ከኅዳር 9 ጀምሮ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ቬንቲሌተሩን እያላቀቅን፣ በቲ ቅርጽ ማገናኛ ከሲሊንደር ኦክስጅን እየሰጠን በራሱ እንዲተነፍስ አደረግን፤ ከኅዳር 22 ጀምሮ ደግሞ ሌሊቱንም ያለ መሣሪያ ያድር ጀመር። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የሳክሽኑ፣ ማለትም አክታውን ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ የምንመጥበት፣ ቁጥር ማሻቀብ ያዘ። ኅዳር 8 በ24 ሰዓት ውስጥ 9 ጊዜ ነበር፤ ኅዳር 23 ደግሞ 22 ጊዜ። አክታው ወፍራም፣ ቢጫ፣ አልፎ አልፎም የደም ክር ያለበት ነበር። ትኩሳት አልነበረውም፣ የደረት ራጁም ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም «አክታው በዛ» የሚለው ቃል በካርዱ ላይ ስለተደጋገመ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተጀመረለት። አንድ ቃል ካርድ ላይ ሲሰፍር ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ዓይን ነው የሚያየው።

አሠራራችንን መለስ ብዬ ስመረምር የሚያሳፍሩኝ ነገሮች አሉ። ከመጋዘን የሚመጣልን የሳክሽን ካቴተር ባለ 16 ቁጥር ነበር፤ ውፍረቱ 5.3 ሚሊሜትር ነው። ካቴተር ከቱቦው ውስጠ ስፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ለ8 ሚሊሜትር ቱቦ ተገቢው 12 ቁጥር፣ ማለትም 4 ሚሊሜትር ነው። ወፍራም ካቴተር ሲገባ በዙሪያው አየር የሚገባበት በቂ ክፍተት ስለማይተርፍ፣ ሳክሽኑ ከአክታው ጋር የሳንባውን አየርም ይመጥጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሳክሽን በፊት 5 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን (ቀላል የጨው ውሃ) በቱቦው እንጨምር ነበር፤ እኔም ያንን አድርጌያለሁ፣ ያስተማሩኝም እንዲያ ነበር። የተጨመረው ውሃ ከአክታው ጋር አይዋሐድም፤ ያስለዋል፣ ኦክስጅኑን ያወርዳል፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ ያለውንም ተሕዋስ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ካቴተሩ እንቅፋት እስኪያጋጥመው ድረስ ይገፋ ነበር፤ የደሙ ክር የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። በጊላን ባሬ ታካሚ ላይ ሌላም አደጋ አለ። ልብን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ስለሚታወኩ የመተንፈሻ ቧንቧውን መንካት ብቻውን የልብ ምትን ሊያወርድ ይችላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሳክሽን መካከል የልብ ምቱ ከ96 ወደ 38 ወርዶ ካቴተሩን በድንጋጤ ስቤ አውጥቼዋለሁ። ኦክስጅን ሰጥተን ጠበቅን፣ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ የልብ ምትን የሚያነሣው መድኃኒት፣ አትሮፒን፣ በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሠራነው።

ታካሚው ራሱ ነግሮን ነበር። እናቱ ከጎረቤት ልጅ የሀ ሁ ገበታ ተውሰው አምጥተው አልጋው ራስጌ ሰቅለውለት ነበር። ካፉ ስለተነፋ አየር በድምፅ አውታሩ አያልፍም፣ እጁም ብዕር አይዝም፤ ስለዚህ በረድፎቹ ላይ ጣታችንን ቁልቁል እየሄድን ስንደርስበት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ ጎን እንሄዳለን። ሠላሳ ሦስት ረድፍ በሰባት መሄድ የታማሚንም የነርስንም ትዕግሥት ይፈጃል። ኅዳር 20 ቀን ማታ እንዲህ አድርገን ሦስት ፊደል አወጣን፦ ደ፣ ረ፣ ቀ። ሦስቱም ግዕዝ ናቸው። ወደ ጎን መሄድ የማያስፈልገውን ቃል መርጦ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ግን ውሃ የጠማው መስሎኝ በጓዝ ከንፈሩን አረጠብኩለት፤ እናቱም «አብሽር ልጄ» እያሉ ግንባሩን ዳሰሱት። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በካርዱ ላይ «የአፍ እንክብካቤ ተደርጎለታል» ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 24 ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጥቂት ደቂቃ መፍጀቱ የተለመደ ስለሆነ ብዙም አልደነገጥንም፤ ነገር ግን ወዲያው የታካሚው ትከሻ ከትንፋሹ ጋር ወደ ላይ እየተሳበ፣ የአንገቱ ግርጌ እየጎደጎደ መጣ። በባትሪ የሚሠራው ፑልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚለካው መሣሪያ) 93 የነበረው ወደ 84፣ ከዚያ 71 ወረደ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ 93 በእኛ ዘንድ አያስደነግጥም፤ 71 ግን የትም ቢሆን 71 ነው። በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት) ለመርዳት ስሞክር ባጉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ እምቢ አለኝ። ካቴተሩን ስከትት ጥቂት ሴንቲሜትር ገብቶ ቆመ። ካፉን በሲሪንጅ አስተነፈስኩት፤ በቱቦው ዙሪያ አየር ያልፍ እንደሆነ ብዬ ነበር፣ አልረዳም። ተረኛው ሐኪም ሲደርስ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ቱቦው ከገባ ስንት ቀኑ ነው?» 27 ቀን እንደሆነው ነገርኩት፤ በዚህ ጊዜ ቀዳዳው መንገዱን የያዘ ስለሚሆን ቱቦው ቢወጣም ወዲያው አይደፈንም። ክሩን በመቀስ ቆርጦ ቱቦውን አወጣው። ቀዳዳውን በጓዝ ሸፍኜ በፊት ጭምብል በአፍና በአፍንጫው ስሰጠው ደረቱ ተነሣ። ከዚያ በግማሽ ቁጥር የሚያንስ፣ 7.5 ቱቦ ገባለት። ሳክሽኑ ስለማይሠራ በ60 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ካቴተር ሰክተን በእጃችን ሳብን። ወንድሙ ኮሪደር ላይ ተኝቶ ነበርና ተጠርቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ አምቡ ባጉን ጨመቀ፤ «ሲስተር፣ እንዲህ ነው?» እያለ በየመሃሉ ይጠይቀኝ ነበር።

(በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም መተንፈስ ያቃታቸውን ሕሙማን በአንገታቸው ቱቦ እያስገባ፣ 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ በእጃቸው ባግ እየጨመቁ እንዲያስተነፍሷቸው አድርጎ የሟቹን ቁጥር በእጅጉ እንደቀነሰ፣ የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍልም ከዚያ እንደተወለደ ተምረን ነበር። ያን ሌሊት ወንድሙን ሳይ ያ ታሪክ ለእኛ ሩቅ እንዳልሆነ ተሰማኝ።)

ሲነጋጋ የወጣውን ቱቦ በስልኬ መብራት አየሁት። የውስጡ ግድግዳ በቡናማ ቅርፊት ተለብጧል፤ ቅርፊቱ በቧጨሩት ጊዜ እንደ ደረቀ የዛፍ ሙጫ ይሰበራል። ጫፉ ላይ የቀረው ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ቢያሳልፍ ነው። ቱቦውን ይዤ ወደ አልጋው ስመለስ ዓይኔ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ላይ አረፈ። ኦክስጅኑ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚረጥብበት የእርጥበት ጠርሙስ ባዶ ነበር። ከሥሩ የቧንቧ ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ የጨው ክብ ነበር፤ ይህም በንጹሕ ውሃ ምትክ የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት እንደኖረና ከደረቀም ቀናት እንዳለፉት ይናገራል። ማን ነው የሚሞላው ብለን ስንጠይቅ መልስ አልተገኘም። የኦክስጅን መጠን፣ የልብ ምት፣ የሽንት መጠን በርክክብ ቅጹ ላይ ቦታ ቦታ አላቸው፤ ጠርሙሱ አልነበረውም።

የደ ረ ቀ ትርጉም የገባኝ ያኔ ነው።

ጤነኛ ሰው በአፍንጫው ሲተነፍስ አየሩ ሳንባ እስኪደርስ 37 ዲግሪ ሞቆ በእያንዳንዱ ሊትር 44 ሚሊግራም ውሃ ይሸከማል። ቱቦው ይህን ሁሉ ዘልሎ አየሩን በቀጥታ አንገት ላይ ያስገባዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ክፍላችን ያለ ማሞቂያ ነው፤ የ10 ዲግሪ አየር ደግሞ እስከ መጨረሻው ቢረጥብ እንኳ በሊትር 10 ሚሊግራም ውሃ አይሞላም፣ ከሲሊንደር የሚወጣው ኦክስጅን ጭራሽ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። በደቂቃ 8 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በቀን ከ11,000 ሊትር በላይ አየር ያስገባል፤ የጎደለውን ውሃ አባዝቼ ሳሰላው ከ300 ሚሊሊትር በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ ከመተንፈሻ ቧንቧው ግድግዳ ይመጠጣል። ግድግዳው ሲደርቅ አክታውን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይቆማሉ፣ አክታው ይጣበቃል፣ ነርሷ «በዛ» ብላ ሳክሽኗን ትደጋግማለች፤ ሳክሽኑ ግድግዳውን ይፍቃል፣ የተፋቀው ግድግዳ ተቆጥቶ ተጨማሪ አክታ ያወጣል። በቬንቲሌተር ላይ ሳለ በቱቦው አፍ ላይ የምናስቀምጠው እርጥበት ጠባቂ ማጣሪያ ነበረው። መሣሪያውን ስናላቅቅ ማጣሪያውም አብሮ ተላቀቀ፤ መሻሉን ያከበርንበት ቀን አክታው መድረቅ የጀመረበት ቀን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የተለወጠው ነገር ውድ አልነበረም። በየአራት ሰዓቱ 5 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን በኔቡላይዘር፣ ማለትም በጉም መልክ፣ ተሰጠው፤ በመሃል ደግሞ በንጹሕ ውሃ የራሰና የተጨመቀ ጓዝ ቀዳዳው ፊት እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለ። በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጠው ፈሳሽ በቀን ከ1.5 ወደ 2.5 ሊትር ከፍ አለ። የጠርሙሱ ውሃ በየፈረቃው እንዲለወጥ ተደረገ፤ ሆኖም ያለ ማሞቂያ አረፋ የሚያወጣ ጠርሙስ ብቻውን ለአንገት ቱቦ በቂ አይደለምና በእሱ አልተደገፍንም። ሳክሽን በሰዓት መሆኑ ቀርቶ በምልክት ሆነ፤ ደረቱ ላይ እጅ ሲያርፍ የሚሰማ መንዘር፣ ከቱቦው የሚሰማ መንኮርኮር፣ የኦክስጅኑ መውረድ፣ ከሁሉም በላይ ታካሚው ሁለት ጊዜ ዓይኑን መጨፈኑ። ወንድሙ ከፋርማሲ የ10 ቁጥር ካቴተር ገዝቶ አመጣ፤ ከአዲሱ 7.5 ቱቦ ግማሽ አይበልጥም። አንዱን ካቴተር ከወጣው ቱቦ ጋር ለክተን፣ ከቱቦው ርዝመት አንድ ሴንቲሜትር ብቻ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ጠቅልለን አልጋው ራስጌ ሰቀልነው፤ ከዚያ በላይ ማንም እንዳይገፋ። ኃይሉ ከ150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ፣ አንዱ ዙር ከ10 ሰከንድ እንዳይበልጥ ተስማማን። ለወንድሙ ሰከንድ መቁጠር ይምታታበት ነበርና «አንተም ትንፋሽህን ያዝ፤ ሲጨንቅህ አውጣው» አልኩት፤ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ገባው።

እርጥበቱ አክታውን አላላው፣ የሚያወጣው ሳል ግን አሁንም ደካማ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ካፉ ተነፍቶ ሳለ በአምቡ ባግ ቀስ ብሎ ትልቅ ትንፋሽ አስገብቶ ጥቂት ይይዝና፣ ባጉን ድንገት ሲለቅ ሌላው ሰው በሁለት መዳፍ የጎድን አጥንቱን ግርጌ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይገፋል። አክታው እስከ ቱቦው አፍ ይመጣል፤ ከዚያ ጥልቅ ሳክሽን አያስፈልግም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይህን ማድረግ እንደማይገባ አንድ ጊዜ ሞክረን በትውከት ተምረናል። ታኅሣሥ 3 ላይ የሳክሽኑ ቁጥር 7 ነበር።

በታኅሣሥ አጋማሽ ካፉን አስተንፍሰን፣ ጓንት ባደረገ ጣት የቱቦውን አፍ ሲያስወጣ ብቻ እየዘጋን እንዲናገር ሞከርን። ዘመድ ከውጭ የላከው የንግግር ቫልቭም ነበር፤ ካፉ ሳይተነፍስ ቫልቭ ቢገጠም አየር ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ ሰውየው ዓይናችን እያየ ይታፈናል፣ ስለዚህ ቫልቩን ለመግጠም አልቸኮልንም። መጀመሪያ ድምፁ ሻካራ ነፋስ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ሙከራ ላይ እናቱን ሳይሆን እኔን አይቶ «ከንፈሬን አይደለም ያልኩሽ» አለኝ። እናቱ «ተው እንጂ ልጄ፣ ሲስተርን!» ብለው ተቆጡት። መልስ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ታኅሣሥ 28 ወደ ኮምቦልቻ ሄደ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሐረጎ ላይ ግን መዞሪያው ብዙ ነው። በአምቡላንሱ ውስጥ በእግር የሚረገጥ ሳክሽን፣ አምቡ ባግ፣ 7.5 እና 7 ቁጥር ትርፍ ቱቦ፣ መቀስ፣ ክርና ትልቅ ሲሪንጅ በአንድ የፌስታል ቦርሳ ከወንድሙ ጉልበት ላይ ነበሩ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሩ ሞቅ ይላል፣ ኦክስጅኑም ወፈር ይላል፤ ደሴ ላይ ተጨማሪ ኦክስጅን ሳይሰጠው 92 የነበረው ቤቱ ሲደርስ 95 ሆነ። የሚገርመው በመጀመሪያው ሳምንት አክታው እንደገና መብዛቱ ነው። ሄጄ ስጎበኘው ነገሩ ገባኝ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት የሚመጣው ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰሉም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አፍንጫ የሌለው ትንፋሽ ጢሱን ሳያጣራ ይወስደዋል። እናቱን «እማማ፣ ቡናውን አልከለክልም፤ ረከቦቱ ግን በረንዳ ላይ ይውጣ» አልኳቸው። በማግስቱ ወጣ።

ጥር መጨረሻ ላይ ቱቦው ለሁለት ቀን በክዳን ተዘግቶ ያለ ችግር ተነፈሰ። ለአስም ታካሚዎች በምንጠቀምበት መለኪያ ሲስል በደቂቃ 210 ሊትር ነፋ፤ ቱቦ ለማውጣት ቢያንስ 160 ሲሆን ይመረጣል። ቱቦው ወጣ፣ ቀዳዳው በጓዝ ተሸፍኖ በ12 ቀን ገጠመ።

የሳክሽኑ ቁጥር የቀነሰው በእርጥበቱ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። በዚያው ሳምንታት ነርቮቹም እያገገሙ ነበር፣ ሳሉም በራሱ እየበረታ ነበር፣ ቱቦውም አዲስ ነበር። ነገር ግን ለውጡ የታየው በ9 ቀን ውስጥ ሲሆን የእጁ ጉልበት በእነዚያ ቀናት ያን ያህል አልተለወጠም፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱም ከተቋረጠ በኋላ አክታው እየሳሳ፣ እየነጣ ሄዷል። የቀኝ እግሩ ጣት አሁንም ሲራመድ መሬት ይጠርጋል፤ ፋብሪካው ገና አልተመለሰም።

በክፍላችን የርክክብ ቅጽ ላይ «የእርጥበት ጠርሙስ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ባዶ» የሚል መስመር በእጅ ጽሑፍ ተጨምሯል። ባለፈው ሳምንት ቅጾቹን ሳገላብጥ ሦስት ሌሊት ሳይሞላ ያለፈ መስመር አገኘሁ፤ አንደኛው በእኔ ፈረቃ ነበር።